ባለቤቴ የሚወጋው ኢንሱሊን ከአሳማ ነው? ልጄስ የምትማረው ባዮቴክኖሎጂ ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ሀዋሳ፣ ታቦር አካባቢ እንጀራ እየጋገርሁ ለሆቴሎች የማቀርብ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ትልቋ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ባዮቴክኖሎጂ የሚባል ትምህርት መርጣለች። ጎረቤቶቼ «የተፈጥሮን ዘር የሚያበላሽ ትምህርት ነው» ይሉኛል። ባለቤቴ ደግሞ የስኳር ሕመምተኛ ነው። የሚወጋው ኢንሱሊን ከአሳማ እንደሚወጣ፣ አሠራሩም ከዚሁ ትምህርት ጋር እንደሚገናኝ ከሰው ሰምቶ «ጾም ሲገባ እተወዋለሁ» ይላል። ለመሆኑ ትምህርቱ ምንድን ነው? በእኛ ቤት ምን ያደርጋል? ልጄስ ነገ ምን ሠርታ ትኖራለች?

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከባለቤትዎ ልጀምር። የልጅዎ ነገር ሁለት ቀን ቢቆይ ጉዳት የለውም፤ የእሳቸው ግን አያድርም። ኢንሱሊኑን በራሳቸው ውሳኔ እንዳያቋርጡ ይለምኑልኝ። ሰውነታቸው ኢንሱሊን ጨርሶ የማያመነጭ ከሆነ መርፌውን መተው በጥቂት ቀናት ውስጥ ራስን እስከ መሳት፣ ከዚያም እስከ ሞት ያደርሳል። መጾም ከፈለጉ የምግቡንና የመርፌውን ሰዓት ከሐኪማቸው ጋር ቁጭ ብለው ያስተካክሉ። ሐኪሞች የለመዱት ጥያቄ ነው፤ የንስሐ አባታቸውም ቢሆኑ የታመመን ሰው ያውቃሉ።

ኢንሱሊኑ ከአሳማ አይደለም። ካርቶኑን ያውጡና ልጅዎ ታንብብልዎት። ከመድኃኒቱ ስም አጠገብ በእንግሊዝኛ «ሂዩማን»፣ ማለትም «የሰው» የሚል ቃል ታገኝ ይሆናል። አንዳንዶቹ አዳዲስ ዓይነቶች ይህ ቃል ባይኖርባቸውም አሠራራቸው ያው ነው። ቃሉ ደግሞ ሌላ ስጋት እንዳይፈጥርብዎ ልንገርዎ፤ ከሰው አካልም አልተወሰደም። «የሰው» የተባለው የሰው ሰውነት ከሚያመነጨው ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው። የሚሠራው በባክቴሪያ ወይም በእርሾ ነው። እርሾ ስል ያንኑ ዳቦ የምናቦካበትን ማለቴ ነው።

ወሬው ግን ከመሬት አልተነሣም። ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1921 በካናዳዋ ቶሮንቶ ከተማ ነው። በተከታዩ ዓመት ጥር ወር ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ከከብት ቆሽት የወጣውን መድኃኒት ተወግቶ ከሞት አፋፍ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ለ60 ዓመታት ያህል የዓለም የስኳር ሕመምተኞች ሕይወት የተንጠለጠለው ከየቄራው በሚሰበሰብ የከብትና የአሳማ ቆሽት ላይ ነበር። 230 ግራም የማይሞላ ንጹሕ ኢንሱሊን ለማውጣት ከሁለት ቶን በላይ የአሳማ ቆሽት ይፈጅ ነበር። የአሳማው ኢንሱሊን ከሰው የሚለየው ከ51 ክፍሎቹ በአንዱ ብቻ፣ የከብቱ ደግሞ በሦስቱ ነው፤ በሰው ሰውነት ውስጥ መሥራት የቻለውም ለዚህ ነው። ሆኖም የአንዳንዱ ሕመምተኛ ሰውነት ባዕድነቱን ዐውቆ ይቆጣው ነበር። ስለዚህ ለባለቤትዎ የነገሯቸው ሰው ፈጽሞ አልዋሹም፤ ያረጀ እውነት ነው የነገሯቸው።

እ.ኤ.አ. በ1978 በካሊፎርኒያ የነበሩ ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ አገኙ። በእያንዳንዱ የሰውነታችን ሕዋስ ውስጥ ዘረመል የምንለው ረጅም ጽሑፍ አለ። ፊደላቱ አራት ብቻ ናቸው። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ አንዲት አጭር ክፍል ኢንሱሊን እንዴት እንደሚሠራ ትናገራለች። ባክቴሪያውም፣ እንሰቱም፣ በሬውም የተጻፉት በእነዚሁ አራት ፊደላት ነው፤ እኔ ይህን ሃያ ዓመት ካስተማርሁት በኋላ ዛሬም ባሰብሁት ቁጥር ይደንቀኛል። ስለዚህ የሰውን ኢንሱሊን የምትገልጸው ክፍል ባክቴሪያ ውስጥ ብትገባ ባክቴሪያው ያነባታል፤ አንብቦም ያዘዘችውን ይሠራል። ተመራማሪዎቹ ያችን ክፍል ከማንም ሰው ላይ አልቆረጡም። ፊደል በፊደል እየቀጠሉ በኬሚካል በላቦራቶሪ ሠሯትና ኢ ኮላይ በሚባል ባክቴሪያ ውስጥ አስገቧት።

ባክቴሪያው ምግብና ሙቀት ከተመቸው በየ20 ደቂቃው ለሁለት ይከፈላል። ማታ ጥቂት የነበረው ሲነጋ ቁጥር አይገልጸውም። በትላልቅ የብረት ጋኖች ውስጥ ከተራባ በኋላ ኢንሱሊኑ ተለይቶ ይወጣል፣ ደጋግሞ ይጣራል፣ ባክቴሪያው ይወገዳል። ባለቤትዎ የሚወጉት የተጣራውን ፕሮቲን እንጂ ባክቴሪያውን አይደለም። መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ1982 በአሜሪካ ለሕሙማን እንዲሰጥ ተፈቀደ፤ በዚህ ዘዴ ተሠርቶ የጸደቀ የመጀመሪያው መድኃኒት ነው። ዛሬ ከታወቁት አምራቾች ኤሊ ሊሊ በባክቴሪያ፣ ኖቮ ኖርዲስክ በዳቦ እርሾ ያመርታሉ።

የሀዋሳ ሙቀት ስለሚያሳስበኝ አንድ ነገር ልጨምር። ኢንሱሊን ፕሮቲን ነው፤ ፕሮቲን ደግሞ እንደ እንቁላል ነው፣ አንዴ ከተቀቀለ ወደ ጥሬነቱ አይመለስም። ያልተከፈተውን በማቀዝቀዣ ያኑሩ፤ ከበረዶ ቤቱ ግን ያርቁት፤ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም፣ ይጣላል። የተከፈተው ፀሐይ በማይነካው ቀዝቃዛ ቦታ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ትክክለኛው ቀን ከካርቶኑ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ተጽፏል። መብራት በሚጠፋበት ቀን በውኃ በራሰ ሸክላ ውስጥ፣ ውኃ ሳይነካው በላስቲክ ተጠቅልሎ ቢቀመጥ ከጠረጴዛ ላይ ይሻላል። እናቶቻችን ውኃ ያቀዘቅዙበት የነበረው እንስራ እዚህ ላይ የመድኃኒት ጠባቂ ይሆናል።

ወደ ትምህርቱ እንምጣ። ባዮቴክኖሎጂ ማለት ሕይወት ያለውን ነገር፣ ወይም ሕይወት ያለው ነገር የሚያመርተውን፣ ለሰው ጥቅም ማሠራት ነው። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1919 የፈጠረው ካሮይ ኤሬኪ የተባለ የሃንጋሪ መሐንዲስ ነው። ጎረቤቶችዎ የሚፈሩት የዘር ለውጥ ከዚህ ሰፊ ሙያ አንዱ ክፍል ብቻ ነው። አብዛኛው ሥራ ተሕዋሲውን ሳይለውጡ ሁኔታውን ማመቻቸት፣ የሚያስፈልገውን መስጠት፣ የማይፈለገውን ማራቅ፣ ጊዜውን ጠብቆ ምርቱን መሰብሰብ ነው። እርስዎ በየቀኑ ይህን ያደርጋሉ።

ላስደስትዎ ብዬ አይደለም ይህን የምለው፤ በቡሃቃዎ ውስጥ የሚሆነውን አብረን እንየው። ከሊጡ በላይ ጠልሎ የሚቀረውን ቢጫ ውኃ አፍስሰው ለሚቀጥለው ቡኮ እርሾ ያስቀራሉ። በዚያ ውኃ ውስጥ የእርሾ ሕዋሳትና ላክቲክ አሲድ የሚያመነጩ ባክቴሪያዎች በብዛት አሉ። ባክቴሪያዎቹ ሊጡን ያኮመጥጡታል፤ ኮምጣጣነቱ ደግሞ ሆድ የሚያውኩትንና ሊጥ የሚያበላሹትን ሌሎች ተሕዋስያን ያባርራል። እርሾዎቹ ስኳሩን እየበሉ አየር ያወጣሉ፤ ያ አየር ምጣዱ ላይ ሲፈነዳ የእንጀራው ዓይን ይሆናል።

አብሲቱን ደግሞ ያስቡት። ስንዴ አየሩን አፍኖ የሚይዝ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለው። ጤፍ የለውም፤ እንደ ስንዴ ሊጥ ሊለጠጥ አይችልም። ታዲያ ሴቶቻችን ምን አደረጉ? ከቦካው ሊጥ ቀንሰው በፈላ ውኃ አበሰሉትና መለሱት። ስታርች የሚባለው የዱቄቱ ክፍል ሲበስል እንደ ሙጫ ወፍሮ አየሩን ይይዛል፤ ለእርሾውም በቀላሉ የሚበላ ምግብ ይሆንለታል፤ ሊጡ እንደገና ኩፍ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። በላቦራቶሪ ብንፈልገው ከዚህ የተሻለ ዘዴ ለማግኘት ብዙ እንደክም ነበር። ማን እንደጀመረችው የሚነግረን መዝገብ የለም። ስሟ ቢታወቅ ኖሮ ለተማሪዎቼ የመቡካትን ምሥጢር ከመረመረው ፈረንሳዊ ሳይንቲስት ከሉዊ ፓስተር ጎን አስቀምጣት ነበር።

እርስዎ በበጋ እርሾ ቀነስ፣ በክረምት ጨመር ያደርጋሉ። ከ1,700 ሜትር ብዙም ከፍ በማትለው ሀዋሳ የሚቦካው ሊጥ፣ ብርዱ በሚበረታበት አዲስ አበባ ካለው ቀድሞ እንደሚደርስ ያውቃሉ። ልጅዎ ይህንኑ በትምህርቷ ታገኘዋለች፤ የሙቀት፣ የጊዜና የዘር፣ ማለትም የእርሾው፣ መጠን ቁጥጥር ተብሎ፣ በቁጥርና በሥዕላዊ መግለጫ። መቡካት ደግሞ ለጣዕም ብቻ አይደለም። በእህሉ ውስጥ ብረትን አስሮ የሚይዝ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ፤ ሊጡ ሲቦካ ይቀንሳል፣ ሰውነታችንም ከጤፉ ብረት የበለጠ ያገኛል።

ቤትዎ ለበዓል ጠላ ይጠመቅ ከሆነ ብቅሉን ያስታውሱ። ገብስ ሲበቅል አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ያመነጫል። ኢንዛይም ማለት ሕይወት ያለው ነገር የሚሠራው፣ አንድ ሙያ ብቻ የሚያውቅ ፕሮቲን ነው። አሚሌዝ ስታርችን ቆራርጦ ስኳር ያደርጋል፤ እርሾው ያን ስኳር በልቶ አልኮል ያወጣል። ይኸው ኢንዛይም በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሌላ ሥራ አለው። ክር ሲሸመን እንዳይበጠስ በስታርች ይቀባል፤ ጨርቁ ካለቀ በኋላ ግን ስታርቹ መውጣት አለበት፣ አለዚያ ቀለም አይገባውም። ድሮ በአሲድ ይታጠብ ነበር፤ አሲዱ ጨርቁንም ይጎዳል። አሚሌዝ ግን ስታርቹን ብቻ ለይቶ ይበላል። ያገለገለ መልክ ያለው ጂንስ ሱሪም እንዲሁ ነው፤ ቀድሞ ከድንጋይ ጋር እየተንከባለለ ይፈተግ የነበረው አሁን ሴሉሌዝ በሚባል ኢንዛይም ይለሰልሳል። የኢንዱስትሪ ፓርካችን ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ በከተማው ሁሉ ስለ ስፌት መኪናና ስለ ደመወዝ ተወራ፤ ስለ ኢንዛይም ያወራ ሰው ግን አልሰማሁም።

በልብስ ሳሙና ዱቄትም ውስጥ ኢንዛይም አለ። ደም፣ ወተት፣ እንቁላል የነካውን ልብስ የሚያነጻው ፕሮቲን የሚቆርጠው ነው፤ የወጥ ዘይት የሚለቅቀው ደግሞ ሌላ። «በኢንዛይም የተሠራ» የሚል ሳሙና ከገዙ በፈላ ውኃ አይዘፍዝፉ፤ ኢንዛይሙ ይሞትብዎታል። ለብ ያለ ውኃና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃዋል። ሱፍና ሐር ግን ራሳቸው ፕሮቲን ስለሆኑ በእንዲህ ያለ ሳሙና አይዘፈዘፉም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ደጃችን ድረስ ይመጣልና። የሳሙና ውኃ እንደ አመድ ውኃ ያለ፣ የኮምጣጣ ተቃራኒ ነው። አብዛኞቹ ኢንዛይሞች በዚያ ውስጥ አይሠሩም። የሚሠራውን ለማግኘት እንዲህ ባለ ውኃ ውስጥ የሚኖር ተሕዋሲ መፈለግ ያስፈልጋል። ከሀዋሳ በሻሸመኔና በአርሲ ነገሌ አልፈው ወደ ሰሜን ሲሄዱ ሻላ፣ አብያታና ጭቱ ሐይቆች አሉ። ውኃቸው በእጅ ሲነካ ያሙለጨልጫል፤ ሶዳ ነው። ሰው አይጠጣውም፣ በቆሎ አይጠጣበትም። ባክቴሪያ ግን በደስታ ይኖርበታል። ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ከስምጥ ሸለቆ የሶዳ ሐይቆች እንዲህ ያሉ ባክቴሪያዎችን ለይተው አውጥተዋል፤ ለሳሙናና ለቆዳ ፋብሪካ የሚሆኑ ኢንዛይሞችንም አግኝተውባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ አንድ ጥናት ባክቴሪያውን የቀለበው ምን እንደሆነ ብነግርዎ አያምኑም ይሆናል፤ የኑግ ፋጉሎ ነው። ለላም የምንሰጠው ያ የዘይት መጭመቂያ ቅሪት ውድ የሆነውን የላቦራቶሪ ምግብ ተክቶ ሠራ።

ያን ጽሑፍ ተማሪ ሳለሁ ሳነብ ሌሊቱን አልተኛሁም። ሐይቁ የእኛ፣ ባክቴሪያው የእኛ፣ ፋጉሎው የእኛ፣ እውቀቱም የእኛ ሆነ ማለት ነው። ፋብሪካዎቻችን የሚጠቀሙበት ኢንዛይም ግን እስከ ዛሬ በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ይገባል። በላቦራቶሪ የተገኘውን ወደ በርሜል፣ ከበርሜልም ወደ ፋብሪካ የሚያሻግር ሰው ያስፈልገናል። ልጅዎ ይህን ትምህርት መምረጧን ስሰማ መጀመሪያ ያሰብሁት ይህን ነው።

ሁለተኛ ያሰብሁት እንሰትን ነው። ወደ ይርጋለም ወይም ወደ አለታ ወንዶ ዘመድ ካለዎት ስለ አጠውልግ በሽታ ሰምተው ይሆናል። ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫ ፈሳሽ ያወጣል፣ አራት አምስት ዓመት የተደከመበት ጓሮ ይጠፋል። በሽታው የሚመጣው ከባክቴሪያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1968 በሳይንስ የተገለጸው እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ በእንሰት ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ኡጋንዳ ገብቶ የሙዝ ማሳዎችን አወደመ። እንሰት በሃያ ሚሊዮን ለሚገመት ሕዝብ ምግብ ነው፤ ለምግብነት የሚመረተውም በእኛ ሀገር ብቻ ስለሆነ ሌላ ሀገር መድኃኒት ይፈልግልናል ብለን መቀመጥ አንችልም።

ባዮቴክኖሎጂ እዚህ ሦስት ነገር ያደርጋል። አንደኛው መለየት ነው። ጤነኛ የሚመስል ችግኝ በሽታውን ተሸክሞ ሊሆን ይችላል፤ የባክቴሪያውን ዘረመል አብዝቶ በሚያሳይ ፒሲአር በሚባል ምርመራ ከመተከሉ በፊት ይታወቃል። ኮቪድ በመጣ ጊዜ በአፍንጫ ናሙና ሲሠራ የነበረው ምርመራ ይኸው ነው። ሁለተኛው ሕብረ ሕዋስን ማባዛት፣ በተለምዶ ቲሹ ካልቸር የሚባለው ነው። ከንጹሕ ተክል የማደጊያው ጫፍ በጥቂቱ ተቆርጦ በጠርሙስ ውስጥ፣ ስኳርና ማዕድን ባለው እንደ ጄሊ ያለ ምግብ ላይ ይተከላል። ከአንዱ ብዙ ችግኝ ይወጣል። ሙዝ፣ ድንችና ሸንኮራ አገዳ በዚህ መንገድ በብዛት ይራባሉ።

እንሰት ግን ያስቸግራል። የእንሰት ጭማቂ የነካው ልብስ እንዴት እንደሚጠቁር ያውቃሉ፤ በጠርሙስ ውስጥም ቁራጩ ያንኑ ጥቁር ነገር አውጥቶ ራሱን ይመርዛል። እኔ ለመመረቂያዬ ሦስት ወር የተንከባከብኋቸው ጠርሙሶች አንድ ሰኞ ጠዋት በሩን ስከፍት ግማሾቹ ጠቁረው፣ ግማሾቹ ሻግተው ጠበቁኝ። አለቀስሁ። አስተማሪዬ ምንም ሳይናገሩ ጓንት አደረጉና ጠርሙሶቹን አብረውኝ አጠቡ። ከዚያ ወዲህ ቁራጩን በቫይታሚን ሲ ውኃ ነክሮ፣ በጨለማ አስቀምጦ፣ ምግቡን ቶሎ ቶሎ ቀይሮ ማዳን እንደሚቻል ተምሬአለሁ። ሙያው እንደዚህ ነው፤ ብዙ ንጽሕና፣ ብዙ ትዕግሥት፣ ብዙ የጠርሙስ እጥበት።

ሦስተኛው ጎረቤቶችዎ የሚያወሩበት ነው፤ ዘረመልን መለወጥ። በኡጋንዳ ተመራማሪዎች ከጣፋጭ ቃሪያ የተወሰዱ ሁለት ዘረመሎችን ሙዝ ውስጥ አስገብተው ያንኑ አጠውልግ በሽታ የሚቋቋም ሙዝ በሙከራ ማሳ ላይ አሳይተዋል። እኔ ይህን በተስፋ ከሚያዩት ወገን ነኝ። የሚጠራጠረውንም ሰው ግን አልንቅም፤ ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነውና።

አስቀድሞ አንድ ስሕተት እናርም። ገበያ ላይ ትልቅ ቲማቲም፣ ነጭ ዶሮ ወይም ዘለላው የረዘመ በቆሎ ሲታይ «ልውጥ ነው» ይባላል። ብዙውን ጊዜ ድቅል ነው። ድቅል ማለት የአንድ ዝርያ የሆኑ ሁለት የተለያዩ ወላጆች ተመርጠው የተዳቀሉት ነው፤ ገበሬው ከጥንት ጀምሮ ጥሩውን ዘር ሲመርጥ የሠራው ሥራ የረቀቀ መልክ ነው። ልውጥ ሕያው የሚባለው በላቦራቶሪ ዘረመሉ የተቀየረው ነው። ይህ በሀገራችን በዘፈቀደ የሚገባ ነገር አይደለም፤ የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 አለ፣ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 896 ተሻሽሏል። በ2010 ዓ.ም. ጓይ ትልን የሚቋቋም ጥጥ እንዲመረት ተፈቅዷል። ጥጡ አፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ የተወሰደ ዘረመል አለው፤ ትሉ ቅጠሉን ሲበላ ዘረመሉ የሚያሠራው ፕሮቲን አንጀቱን ይበሳዋል። ፕሮቲኑ የሚሠራው በትሉ አንጀት ውስጥ እንጂ በእኛ ሆድ አይደለም።

የእኔ ስጋት ከሆድ ይልቅ ኪስ ነው። ዘሩን ማን ይሸጣል? ገበሬው በየዓመቱ ይገዛል? ዋጋው ሲጨምር ማን ይደርስለታል? ትሉስ ቢለምደው? በሕንድ አንዱ የጥጥ ትል ለምዶታል። እነዚህን ጥያቄዎች ሊመልስልን የሚችለው ራሱ የሚመረምር ኢትዮጵያዊ ባለሙያ ነው፤ ልጅዎን ከዚህ ትምህርት ብናርቃት መልሱን ከሻጩ አፍ ብቻ ነው የምንሰማው።

የቀረውን በአጭሩ ልንካው። ልጆችዎ በሕፃንነታቸው በስድስት፣ በአሥርና በአሥራ አራት ሳምንታቸው አምስት በአንድ የሆነውን ክትባት ወስደው ከሆነ፣ በውስጡ ያለው የጉበት በሽታ መከላከያ በእርሾ የተሠራ ነው። ጤና ጣቢያ ላይ ጣት ተወግቶ በደቂቃዎች ውስጥ የወባ ውጤት የሚነግረው ቁራጭ ወረቀት፣ ወጣት ሚስቶች የሚገዙት የእርግዝና መመርመሪያም፣ አንድ ነገር ብቻ ለይተው በሚይዙ ፀረ እንግዳ አካላት ይሠራሉ፤ እነዚህም በሕዋስ እርባታ የሚመረቱ ናቸው። ላምን በሰው ሠራሽ ዘዴ ማስጠቃትም ከዚሁ ቤተሰብ ነው።

ስለ ሥራ የጠየቁኝን ሳላሳምር እመልሳለሁ። ዲግሪው ብቻውን እንጀራ አይሆንም። ሙያው በሀገራችን ገና ወጣት ነው፤ ተመርቀው ሁለት ዓመት የተቀመጡ ተማሪዎቼን አውቃለሁ። የሆስፒታል ላቦራቶሪ ደግሞ የራሱ ትምህርትና ፈቃድ አለው፤ የባዮቴክኖሎጂ ምሩቅ ቀጥታ እዚያ ይቀጠራል ብላ እንዳትጠብቅ። በር የሚከፈትላት በቢራ፣ በብቅል፣ በወተትና በምግብ ፋብሪካዎች የጥራት ቁጥጥር ክፍል፣ በመድኃኒት አምራቾች፣ በቲሹ ካልቸር ላቦራቶሪዎችና በምርምር ተቋማት ነው። ሆለታ ላይ ብሔራዊ የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከል አለ፤ ቢሾፍቱ ላይ ለእንስሳት ክትባት የሚያመርት ብሔራዊ ተቋም አለ። እኔ ያየሁት ይህ ነው፦ ክረምቱን በላቦራቶሪ በነጻም ቢሆን እየሠራች ያሳለፈች፣ ስታቲስቲክስና ኮምፒውተር የቻለች፣ እጇ ንጹሕና ማስታወሻዋ የተሟላ ልጅ ሥራ ታገኛለች። እንዲህ ያለችውን ልጅ ቀጣሪዎች ራሳቸው ደውለው ይጠይቁኛል።

የራሷንም መፍጠር ትችላለች። የእርስዎ እንጀራ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ሲሻግት ሆቴሎቹ እንደሚመልሱብዎ እገምታለሁ። ሻጋታው አየር ላይ የሚንሳፈፍ የፈንገስ ዘር ነው፤ እንጀራው ትኩስ እያለ በላስቲክ ሲታሸግ በሚፈጠረው ወበቅ ይበቅላል። አሁኑኑ ማድረግ የሚችሉት በንጹሕ ሰፌድ ላይ በደንብ አቀዝቅዞ ማሸግ፣ ማሸጊያውን በኮምጣጤ ጠርጎ ማድረቅ ነው። ከዚያ ያለፈው ግን የልጅዎ ድርሻ ነው። ከቡሃቃዎ ባክቴሪያዎች መካከል ሻጋታን የሚያዳክሙ ይኖሩ ይሆን? ለመመረቂያ ጽሑፍ ከዚህ የተሻለ ርዕስ ብዙ አላውቅም፤ ናሙናውም ከቤት አይወጣም።

ለእረፍት ስትመጣ ከጠለለው እርሾ አንድ ማንኪያ በንጹሕ ብልቃጥ ይስጧትና ወደ ላቦራቶሪ ትውሰደው። አንድ ጠብታ በመስታወት ላይ አድርጋ በማይክሮስኮፕ አራት መቶ ጊዜ አጉልታ ትየው። ክብ ክብ፣ እንቁላል የሚመስሉ ሕዋሳት ታያለች፤ በአንዳንዶቹ ጎን ትንሽ እብጠት ትኖራለች። እርሾ የሚራባው እንደዚህ ነው፣ ከጎኑ እያቆጠቆጠ። በመማሪያ መጻሕፍቷ ትልቋ «እናት ሕዋስ»፣ ከጎኗ የምታቆጠቁጠው ትንሿ ደግሞ «ሴት ልጅ ሕዋስ» ትባላለች። ፎቶ አንሥታ ታምጣልዎት።